ያለመነሳት ፈተና

አባቴ መጀመሪያ የወደቀው ሰው ሊያከብር ሲነሳ ነው። መድኃኒት የሚያድለው ድርጅት ግን «መመሪያ ባለማክበር» ብሎ መዘገበው። ያን ጊዜ የያዘኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

አባቴ አቶ ናሁሰናይ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ልቡ ስለደከመ ጠዋትና ማታ የደም ሥር የሚያሰፋ ክኒን ይወስዳል። በእኛ ሕንፃ ላይ ሃምሳ ዓመት አልፎት ይህን ክኒን የማይወስድ ሰው ካለ አላውቀውም። በ2071 ዓ.ም. ሐኪም ቤት መመላለስ ቀርቷል፣ ፋርማሲም ቀርቷል። ግፊት የሚለካው ግድግዳው ነው፣ ክኒን የሚያወጣውም ግድግዳው ነው፣ የሚቆጣውም እሱ ነው።

ፋርማሲዎች ሳይዘጉ እኔ ፋርማሲስት ነበርኩ። አሁን መነጽር እሸጣለሁ። ያኔ ባንኮኒው ላይ ይህን ክኒን ለሰጠሁት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር እል ነበር። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ እግርዎን አንጠልጥለው ያወዛውዙ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይዘው ቀስ ብለው ይቁሙ። ክኒኑ የደም ሥርዎን ስለሚከፍተው ድንገት ከቆሙ ደሙ ወደ እግርዎ ይወርድና ራስዎን ይስታሉ። ክኒን ውጠው ሙቅ ውሃ ውስጥ አይግቡ፣ መጠጥ አይጠጡ፣ ሌላ መድኃኒት ካለዎት ይንገሩኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ በራስዎ አያቁሙት። ሰው አንዳንዴ ይሰማኛል፣ አንዳንዴ ስልኩን እያየ ይሄዳል። ቢሆንም ተናግሬ ነው የምሸኘው።

አሁን ያንን ሁሉ የሚናገረው ከተማው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል፤ ክኒኑ ከግድግዳው ዱብ ይላል፤ ሕዝቡ ውጦ ቁጭ ይላል። ሊፍቱ ይቆማል። የሻወሩ ሙቅ ውሃ ይዘጋል። ደረጃ ላይ የደረሰበት ሰው ደረጃው ላይ ይቀመጣል፣ መንገድ ላይ የደረሰበትም የመንገዱ ጠርዝ ላይ። አውቶቡሱ ፌርማታ ከመድረሱ በፊት «እግርዎን ያወዛውዙ፣ ብረቱን ይያዙ» ይላል። ሠርግ ላይ የሙሽራው አባት ብርሌውን ሲያነሳ መጠጥና ውድቀት የሚከታተለው የእጁ አምባር ይጮህበትና እንግዳ ፊት ያሳፍረዋል። ይሄን ሁሉ አልቃወምም፤ እኔም ስለው የኖርኩት ነው። እኔን ያቃጠለኝ አያ ምክሩ ነው።

አያ ምክሩ ሰው አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የሚታይ ምስል ነው። ክኒኑን የሚያድለው «ጽኑ ልብ» የሚባል ድርጅት ሥራ ሲጀምር ሰዉ አልታዘዝ ብሎት ነበር። የወጣት ሴት ድምፅ ሞከሩ፣ የወታደር ድምፅ ሞከሩ፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። ኋላ ጥናት አስጠንተው የዚህ አገር ሰው ሽማግሌን እምቢ እንደማይል ደረሱበት። ስለዚህ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ሠሩ። ነጭ ጋቢ አለበሱት፣ ፂሙን እንደ ባዘቶ አነጡት፣ ከዘራ አስያዙት፣ «አያ» ብለው ስም አወጡለት። ክኒኑ ከተዋጠ ከሩብ ሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ልክ እየተራመደ ይገባና ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እንዴት አደራችሁ ልጆቼ፣ መድኃኒታችሁን ዋጣችሁ ወይ» ይላል።

ሩብ ሰዓት ማለት የደም ሥሩ ተከፍቶ ግፊቱ የሚወርድበት፣ ሰው ከወንበሩ ንቅንቅ ማለት የሌለበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ነው በራችን ላይ ሽማግሌ የሚያቆሙት። እዚህ አገር ያደገ ሰው ሽማግሌ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ጥናታቸው ውስጥ አልነበረም፤ ወይም ነበረና ንቀውታል።

አያ ምክሩ መጀመሪያ የገባ ቀን አባቴ ብድግ አለ። «ኖር አባቴ» አለ። ከዚያ ዓይኑ ተገለበጠና ጫማ መደርደሪያው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ቅንድቡ ተሰፋ።

«ሰው አይደለም እኮ አባዬ» አልኩት ፋሻውን እየቀየርኩለት።

«እሱንማ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ብርሃን ከሰው መለየት ያቅተኛል? እግሬ ነው የማያውቀው።»

እውነቱን ነው። እንዲህ ያለው ነገር በእግር ነው የሚታወቀው። ከልጅነት ጀምሮ ተቆንጥጠን የተማርነው ነው፤ ታላቅ ሲገባ ራስ ሳያስብ እግር ይቆማል። ደግሞም ነገሩ የሁለት ሰው ነው። እውነተኛ ሽማግሌ ሰው ሊነሳለት ሲያኮበኩብ ካየ እጁን ዘርግቶ «በእግዜር፣ በሞቴ አትነሱ» ይላል፤ ሊነሳ ያለውም ግማሽ መንገድ ላይ ሆኖ መልሶ ይቀመጣል። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይከለክላል። ድርጅቱ የመጀመሪያውን ግማሽ ወስዶ ሁለተኛውን ጥሎታል። አያ ምክሩ ቆሞ ያያል እንጂ አትነሱ አይልም።

ይህንኑ ልነግራቸው ደሴ ድረስ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ያፌት የሚባል ወጣት ኃላፊ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተቆጠበ።

«አንድ ቃል ብቻ ጨምሩለት» አልኩት። «ሲገባ በሞቴ አትነሱ ይበል። ካልሆነ ደግሞ ተቀምጦ ይታይ። ለተቀመጠ ሰው ማንም አይነሳም።»

«ተቀምጦ ሞክረነዋል፣ ወይዘሮ ቢታንያ። ተቀምጦ ሲታይ ሰው ክኒኑን በሰዓቱ አይውጥም። አትነሱ ሲልም ይለሰልስና የሚሰማው ያጣል። ውጤት ያመጣው የቆመው ነው።»

«ውጤት የምትለው ሰው እየወደቀ ነው።»

«ሁሉም አይወድቅም።»

«ደህና ያደገው ነው የሚወድቀው።»

ከዚያ መመሪያው ተቀምጠው ይቆዩ እንደሚል፣ ከታካሚው ባህርይ የሚመጣ ጉዳት ድርጅቱን እንደማይመለከት አስረዳኝ። «ሦስት ጊዜ የወደቀ ታካሚ ደግሞ ለራሱ አደጋ ስለሆነ መድኃኒቱ ይቋረጥበታል» አለ።

«እየተቀነሰ ነው ወይስ በአንዴ?»

«በአንዴ ነው። ግድግዳው ይዘጋል።»

ይህ ክኒን በአንዴ የሚቆም ክኒን አይደለም። ማቆም ካለበትም በሐኪም ዓይን ሥር ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ድንገት ከተቋረጠ ግፊቱ ከነበረበት አልፎ ተመልሶ ይወጣል፣ የአባቴን ዓይነት ልብ ደግሞ ያንን አይችልም። ሌላ የሚገዛበት ቦታ የለም፤ ፋርማሲውን ዘግተውታል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። «አባቴን ትገድሉታላችሁ» አልኩት በመጨረሻ፣ እንዲሁ በደህና ድምፅ።

«አስተያየትዎን ተቀብያለሁ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ልወጣ ስነሳ እሱም ብድግ ብሎ እስከ በሩ ሸኘኝ።

አባቴ ሁለተኛ ጊዜ የወደቀው በዚያው ሰሞን ነው። ወንበሩን ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ ነበር የተቀመጠው። አያ ምክሩ ገብቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ግን እጁ ወንበሩን ለቀቀ። ተነስቶ ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ። በማግስቱ ድርጅቱ ጠራን። መድኃኒቱ እንዲቀጥል ከፈለገ ደሴ ሄዶ «የመቀመጥ ብቃት ምዘና» ማለፍ አለበት። ካለፈ ይቀጥላል፣ ከወደቀ ግን እንደ ሦስተኛ ውድቀት ይያዝበታል።

ስለዚህ አባቴን እንዳይነሳ ማሠልጠን ጀመርኩ። ጭኑ ላይ አፉ ድረስ ውሃ የሞላ ሳህን አስቀምጥና የራሱን ጋቢ ለብሼ፣ ከዘራውን ይዤ በሩን ከፍቼ እገባለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ለእኔም ይነሳ ነበር፤ ለገዛ ልጁ። ሳህኑ ይገለበጣል፣ ሱሪው ይረጥባል፣ ሁለታችንም እንስቃለን፣ ከዚያ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። «እንዳልተማርክ ሁን አባዬ» እለዋለሁ። «እንዳልተማርኩ መሆንን ማን አስተምሮኝ» ይለኛል። ቀስ በቀስ ግን ሳህኑ ከመገልበጥ ተወ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጋቢውን ለብሼ ብገባ፣ ብስል፣ ብቆም፣ አባቴ ቁጭ ብሎ በባዶ ዓይን አየኝ። ከውሃው ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። አጨበጨብኩለት፤ ሌላ ምን ላድርግ?

የምዘናው አዳራሽ የሠርግ አዳራሽ ይመስላል። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ረድፍ ረድፍ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ክኒናቸውን ውጠዋል። አጃቢዎች ከመስታወት በስተጀርባ ነን። ከአባቴ ጎን እማማ ሊዲያ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ከመጀመሩ በፊት ደጅ ላይ አብረን ዳቦ በልተናል። ራሳቸውን ስላላመኑት የነጠላቸውን ጫፍ ከወንበሩ እግር ጋር አሥረውታል። አንዱ ሽማግሌ መዳፉ ላይ ተቀምጧል። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ዓይን መጨፈን አይፈቀድም ተብሎ ተነገረው።

መጀመሪያ አያ ምክሩ ገባ። ጥቂት ሰዎች ተነሱ፤ ምንጣፉ ላይ ሲወድቁ ድምፅ አልነበረውም፣ ወለሉን ለስላሳ አድርገው ሠርተውታል። ቀጥሎ ነፍሰ ጡር ሴት ገባች፤ እዚህ ምስሎቹ ከግድግዳው ወጥተው ወለሉ ላይ ይራመዳሉ። ቀጥሎ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው በክራንች ገባና ወንበር ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘ። እማማ ሊዲያ ያኔ አልቻሉም። «ና ልጄ፣ እዚህ አረፍ በል» ብለው ወንበራቸውን ሊለቁለት ተነሱ፤ ነጠላው ወንበሩን ጎትቶ አስነሳውና ከነወንበሩ ወደቁ። ሁለት ሠራተኞች ደግፈው ሲያወጧቸው አሁንም ወደ ኋላ እየዞሩ ሰውየው ይቀመጥ እንደሆነ ያዩ ነበር።

አባቴ አልተነሳም። ከመስታወቱ በስተጀርባ ጥፍሬን እየበላሁ «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» እላለሁ።

የመጨረሻዋ ፈተና ለየሰዉ የተዘጋጀች ናት። እያንዳንዱ ሰው ፊት የየራሱ ሰው ይመጣል። አባቴ ፊት እናቱ መጣች። አያቴ ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሊሆናት ነው። ድርጅቱ ፎቶግራፏን ከየት እንዳገኘው አላውቅም፤ አላስፈቀደንም። ወገቧን ይዛ፣ ትንሽ እያነከሰች፣ ልክ እንደምትራመደው ተራምዳ መጥታ ፊቱ ቆመች። አባቴ በደህናው እጁ ጭኑን ወደ ታች ሲጫን ከሩቅ ይታየኛል። እሷ ቆማ ትጠብቃለች። እሱ ተቀምጦ ያያታል። ከዚያ መብራቱ በራ፤ ፈተናውን አለፈ።

በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«መድኃኒቱ ቀጠለልህ አባዬ» አልኩት።

«እናቴ ቆማ እኔ ተቀምጬ» አለ፣ መስኮቱን እያየ። አንድን ሰው በሕይወት ለማቆየት ይህን ማስደረግ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ሐኪም ቀርቶ ግንበኛ እንኳ የሰውን ጠባይ ጠይቆ ነው ደረጃ የሚሠራ። እነዚህ ግን ቤቱን ለማስተካከል ሰነፉና ሰውየውን ጠረቡት።

ድርጅቱ መድኃኒቱ መቀጠሉን ሲያሳውቀን፣ ቤታችን ውስጥም ሳይነገረን ድንገተኛ ምዘና ሊያደርግ እንደሚችል ነገረን። ከዚያ ወዲህ አባቴ በክኒን ሰዓት ከተቀመጠ እንደ ድንጋይ ነው። አያ ምክሩ ይገባል፣ ይስላል፣ ይወጣል፤ አባቴ ቅንድቡን እንኳ አያነሳም።

አክስቴ መስታወት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። እናታቸው ገበያ ስትውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከሐይቅ ወዲያ ባለው ቀበሌ ግድግዳ ገና መናገር ስላልጀመረ አያ ምክሩን አይታው አታውቅም። ወንድሟ ተሽሎታል ሲሏት በሌሊት ተነስታ መጣች። እኔ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። በራችን የቤተሰብ ፊት ስለሚያውቅ ራሱ ተከፈተላት። አባቴ ክኒኑን ከዋጠ ሩብ ሰዓት ሆኖታል።

«ናሁዬ» ስትል ሰማሁ። «እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ የኔ ጌታ።»

አንሶላው በእጄ እንዳለ ወደ ውስጥ አየሁ። አክስቴ በሩ ላይ፣ ሽማግሌው ሁልጊዜ በሚቆምበት አጠገብ ቆማለች። ነጭ ለብሳለች፣ ዱላዋን ይዛለች። አባቴ መዳፎቹን ጭኑ ላይ ለጥፎ ቁጭ ብሏል። እሷ ትጠብቃለች። ቢነሳላት አትነሳ ልትለው፣ ትከሻውን ጫን አድርጋ ልታስቀምጠው ነው የምትጠብቀው። እሱ ሳይነሳ ግን እሷ አትነሳ ልትለው አትችልም።

«ቢቲ፣ ነይ እዪ እነዚህን ጉደኞች» አለኝ አባቴ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል። «አሁን ደግሞ እታለምን አመጡብኝ። ዱላዋን ሳይቀር ሠርተውታል።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ድምፁን ከፍ አደረገ። «አልነሳላትም። እናቴንም ተቀምጬ ነው የሸኘኋት።»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ምን በድዬህ ነው ወንድሜ?»

«አባዬ፣ እውነተኛዋ ናት» ብዬ ጮኽኩ። እሱ ግን ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔንም የሚያታልሉኝ መስሎታል። አክስቴ የኔንም የሱንም ነገር አልጠበቀችም። ዱላዋን እየመታች ሄዳ ጉንጩን በመዳፏ ያዘችው፣ ልጅ ሆኖ ሲያኮርፍ ታደርገው እንደነበረው።

ምስል የሚዳሰስ እጅ የለውም። አባቴ የእጇን ሙቀት ሲያውቅ ፊቱ ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ብድግ አለ። ቀስ ብሎ አይደለም፣ አንዴ ነው የተወረወረው። «ኖር እታለም» አለ፣ «ኖር የኔ እናት»። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። አንሶላውን ጥዬ ደረስኩና ብብቱን ያዝኩት፤ እሷም በዚያ ዕድሜዋ በደረቷ ተቀበለችው። መሬት አልነካም። ወንበሩ ላይ መልሰን አስቀመጥነው፣ እግሩን ከፍ አደረግንለት። ዓይኑን ሲገልጥ አክስቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነበር፤ እጇን ይዟል።

የእጁ አምባር ግን ቀላ። ተይዞ ይሁን ሳይያዝ፣ መሬት ይንካ አይንካ፣ አምባሩ አይለይም።

ወዲያው አያ ምክሩ ገባ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ ናሁሰናይ» አለ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ «ሦስተኛ ውድቀትህ ስለሆነ ለራስህ ደህንነት ሲባል መድኃኒትህ ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል።» ግድግዳው ውስጥ ክኒኑ የሚወጣበት ቀዳዳ ሲዘጋ ጠቅ አለ። «ለራስህ ደህንነት» ሲል ስሰማ ዱላዋን ልነጥቅና ፊቱን ልበትነው ተነሳሁ።

አክስቴ ግን ቀደመችኝ። የሚለውን በቅጡ አልሰማችውም፤ ያየችው ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ ከእሷ የሚበልጥ ሽማግሌ እቤት ሲገባ ነው። ዱላዋን ተመርኩዛ፣ ወገቧን እያቃሰተች ልትነሳ ጀመረች። «ኖር አባቴ» አለች።

አባቴ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ።

«ተቀመጪ እታለም» አላት። «ለእሱ አይነሱለትም።»